ኤደን አለነ ያሸነፈችበት ዙር፦ ድምጿ ነው ወይስ ታሪኳ?

ዋርካ_ሥር
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ቁጭ ብዬ የ2020ውን የእስራኤል የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር «ሃኮኻቭ ሃባ»ን እንደገና አየሁት። ኤደን አለነ ያሸነፈችበትን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ በዚህ እንዳንጣላ።)

ለማታስታውሱ፣ ውድድሩ ያኔ አገሪቱን በዩሮቪዥን (በየዓመቱ በሚካሄደው የአውሮፓ የዘፈን ውድድር) የሚወክለውን ዘፋኝ የሚመርጥ ነበር። ከ2015 ጀምሮ ናዳቭ ጌጅን፣ ሆቪ ስታርን፣ ኢምሪ ዚቭን፣ ኔታንና ኮቢ ማሪሚን ልኳል። ኔታ ደግሞ በ2018 አሸንፋ ተመልሳለች። ስለዚህ ኤደን የገባችው ቀላል ቦታ አይደለም። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2020 ኤላ ሊ ላሃቭን አስከትላ አንደኛ ወጣች። ከቤተ እስራኤል ለዩሮቪዥን የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሰው ናት።

አሁን ወደ ነገሬ። ስለ እሷ የተጻፈ ፈልጋችሁ አንብቡ። በእንግሊዝኛም ይሁን በአማርኛ አጀማመሩ ያው ነው። ኢየሩሳሌም ተወለደች፤ ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው፤ እናቷ ብቻዋን አሳደገቻት፤ ከኢየሩሳሌሙ ሰፈር ከካታሞኒም ወደ ኪርያት ጋት ከተማ ተዛወሩ። ስለ ድምጿ የሚወራው መጨረሻ ላይ ነው። እሱም «ግሩም ድምፅ» ተብሎ ይታለፋል።

ልጅቷ እኮ በ2018 መጀመሪያ ላይ፣ ገና በ17 ዓመቷ፣ «ኤክስ ፋክተር እስራኤል»ን አሸንፋለች! ጣቢያው ሌላ፣ አመራረጡ ሌላ፣ እሷ ግን ሁለቴ አንደኛ። ይህ በአንጀት መብላት ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም። እኔ የምለው፣ ያሸነፈው ድምጿ ሆኖ ሳለ ሙገሳውን ታሪኳ ወሰደው። እናንተስ?

ጉራማይሌ
አልስማማም ወንድሜ። ድምፅ ብቻ ከፈለግህ ሬዲዮ ክፈት። ቴሌቪዥን ሰው ማሳየት አለበት፤ ሰው ደግሞ ከየት መጣ ሳይባል አይታይም።

ሀጊት ያሶን አስታውስ። ሌላው የእስራኤል የዘፈን ውድድር «ኮኻቭ ኖላድ»፣ ዘጠነኛው ዙር፣ 2011፤ አሸናፊዋ እሷ ናት። የስዴሮት ልጅ ናት፤ ሮኬት ሲወድቅበት የኖረ ከተማ። ወላጆቿ በእግራቸው ሱዳን ድረስ ተጉዘው ነው እዚያ የደረሱት። በዚያ ክረምት ቴል አቪቭ ውስጥ ሰው በቤት ኪራይ ተማርሮ አደባባይ ላይ ድንኳን ጥሎ ያድር ነበር። ማእከሉ ጠገበ፣ ዳሩ ተረሳ የሚባልበት ጊዜ። በዚህ መሀል ከዳር የመጣች፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ልጅ ስትዘፍን ሰው የራሱን ነገር አየባት። ድምጿም ጥሩ ነበር፣ ታሪኳም ሠራ። ምኑ ነው ነውሩ?

አራዳው_04
እኛ ጋ እኮ ተወዳዳሪው ሳይዘፍን እናቱ ታለቅሳለች። ቀጥሎ ዳኛው ያለቅሳል። ዘፈኑ ሰዓት ከተረፈ ነው ሃሃሃ

አሽዶድ_ማዶ
እኔ እዚሁ እስራኤል ነው የምኖረው። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ «ወገኖቿ መርጠዋት ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ እናደዳለሁ። ኤደን ስታሸንፍ ከኢትዮጵያ የመጣነውና እዚህ የተወለዱት ተደምረን ወደ 160 ሺህ ብንሆን ነበር። አገሩ ውስጥ ያኔ ዘጠኝ ሚሊዮን ሰው ነበር። ከመቶ ሁለት እንኳ ብንሞላ ነው። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ስልክ ይዘን ብንነሣ ማንንም አንደኛ ማድረግ አንችልም። ሀጊትንም ኤደንንም የመረጣቸው ሌላው ሰው ነው።

ሁለተኛው ትንሽ ከበድ ይላል። ኤደን ያሸነፈችበት ዙር የተጀመረው በ2019 መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ማብቂያ ላይ የእኛው ወጣት ሰለሞን ተካ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ተገደለ። ልጆቻችን አገር ምድሩን መንገድ ዘጉ። ቴሌቪዥኑ ላይ እኛ ማለት የሚቃጠል ጎማ ሆንን። ወራት እንኳ በቅጡ ሳይቆጠሩ በዚያው ቴሌቪዥን ኤደን ቆማ አገር ያጨበጭብላታል። ያው ተመልካች ነው እኮ ሁለቱንም ያየው። እናቴ ፍጻሜውን እያየች «ስንዘፍን ነው የሚወዱን» አለችኝ። ደስ ብሏት ነው የተናገረችው፣ ግን ነገሩ እስካሁን ውስጤ አለ።

ዋርካ_ሥር
እናትሽ ይኑሩልን። እኔ ልል ፈልጌ ያቃተኝን በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሱት።

ቅኝት
ድምፅ ድምፅ ትላላችሁ እንጂ ስለ ድምፁ ያወራ ሰው አላየሁም። ሙያዬ ስለሆነ ልሞክር።

ኤደን ልጅ ሳለች ለዓመታት ባሌት ተምራለች። ይሄ መድረክ ላይ ይታወቃል። ትከሻዋ አይወጠርም፣ አተነፋፈሷ አይዝረከረክም። ብዙ ወጣት ዘፋኝ ከደረት ድምፅ (ከወፍራሙ) ወደ ራስ ድምፅ (ወደ ቀጭኑ) ሲሻገር መሀል ላይ የምትሰማ ስንጥቅ አለች። እሷ ጋ ያቺ ስንጥቅ ብዙም አትሰማም። ደግሞ ረጋ ባለው ክፍል ላይ አትቸኩልም። በውድድር መድረክ ይህ ድፍረት ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ቶሎ ጮሆ ጭብጨባ ማግኘት ይፈልጋል።

በ2021 ዩሮቪዥን ላይ ያሰማችው የፉጨት ድምፅ (ፉጨት የሚመስለው እጅግ ቀጭኑ የሰው ድምፅ) ብዙ ተወርቶለታል። ኖታው ሲ ነው። ከፒያኖው መካከለኛ ዶ ተነሥታችሁ ሦስት ኦክታቭ ሊሞላ ግማሽ ድምፅ ሲቀረው ያለው ሲ። በዩሮቪዥን ታሪክ ከተዘፈነው ሁሉ ከፍተኛው ተብሎም ተነገረ። ችሎታ መሆኑን አልክድም። ግን ዘፈኑ ሲመረጥ ያልነበረ፣ በኋላ ሲታደስ የተጨመረ ነው። ለእኔ ይሄም የ«ታሪክ» ሌላ መልክ ነው። ለጋዜጣ ርዕስ ይሆናል፣ ዘፈኑን ግን አላዳነውም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልውጣ። «የድምጿ እርግብግቢት የሀበሻ ነው» የምትሉ ሰዎች፣ አይደለም። ያደገችበት የአሜሪካ ሶልና አር ኤንድ ቢ ነው። አምባሰል ላይ የምንሰማው አንገት ላይ የሚሠራው ነገር ሌላ ነው። ደሟን ስለምታውቁ ነው እንደዚያ የሚሰማችሁ።

አራዳው_04
ቅኝት እንደ ዳኛ ተናገርክ። ቀጣዩ ተወዳዳሪ ይግባ!

ዲሲ_ማታ
ዋናውን ሰቆቃ ዘለላችሁት። ከድሉ በኋላ የሆነውን።

ማርች 3 ቀን 2020 ሌላ ምሽት ነበር፤ ዘፈን የሚመረጥበት። አራት ዘፈን ቀረበ፣ አራቱንም የዘፈነችው እሷ ናት። «ፍቅር ልቤ» አሸነፈ። እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛና አማርኛ ያለበት። አማርኛ ወደ ዩሮቪዥን ሊሄድ ነው ብለን እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ውስጥ ስልክ ስንቀባበል ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ማርች 18 ኮሮና ውድድሩን አሰረዘው። ከ1956 ጀምሮ ተሰርዞ አያውቅም ነበር! ዘፈኑ በተመረጠ በ15 ቀኑ።

እሺ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ዘፈን ይዛ ትሂድ አትሉም? አይቻልም። ደንቡ ዘፈኑ ካለፈው ዓመት ሴፕቴምበር 1 በፊት የወጣ እንዳይሆን ይከለክላል። ዘፋኞቹን መልሶ መላክ ተቻለ፣ ዘፈኖቹን ግን አልተቻለም። እሷ ያለ ውድድር በቀጥታ ተመረጠች። ጃኑዋሪ 2021 ላይ ከሦስት አዲስ ዘፈኖች መሀል «ሴት ሚ ፍሪ» ወጣ። ሮተርዳም ላይ ከግማሽ ፍጻሜው አለፈች፤ በፍጻሜው 93 ነጥብ አግኝታ 17ኛ ሆነች። ከነጥቡ አብዛኛው የመጣው ከሙያ ዳኞች ነው፣ የሕዝቡ ድምፅ ትንሽ ነበር።

እኔ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ «ፍቅር ልቤ» ነው። ያ ዘፈን ቢሄድ ምን ይሆን ነበር?

የጎንደሯ
ምንም አይሆንም ነበር። ይቅርታ አድርግልኝና ያ አማርኛ ለጌጥ የገባ ነው። ጻፊዎቹ ዶሮን መዳሊና ኢዳን ራይኸል ናቸው። መዳሊ የ2015ቱን «ጎልደን ቦይ»ን የጻፈ፣ ኔታ ባሸነፈችበት ዘፈን ላይም የተሳተፈ ሰው ነው። ዩሮቪዥን ምን እንደሚወድ ያውቃል። ከበሮ፣ ትንሽ አፍሪካ፣ ትንሽ አማርኛ፣ እንደ ሚጥሚጣ ነስነስ። ብሉልን ብለው ነው።

ትዝታ_ሜጀር
የጎንደሯ እህቴ፣ ስለ መዳሊ አልከራከርሽም። ኢዳን ራይኸል ላይ ግን ፍርድሽ ቸኮለ።

ሰውየው ገና ሳይታወቅ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ልጆቹ ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው። የእኛን ዘፈን የለመደው ከእነሱ ካሴት ነው። በ2002 «የኢዳን ራይኸል ፕሮጀክት» ሲወጣ አማርኛ በእስራኤል ሬዲዮ በዕብራይስጥ ዘፈን መሀል መሰማት ጀመረ። ካብራ ካሳይን አስታውሺ፣ ሱዳን ውስጥ በስደተኞች መጠለያ የተወለደችው። ከእሱ ጋር ዓለምን ዞራ ዘፍናለች። ያኔ አማርኛ ማስገባት ለገበያ የሚበጅ ነገር አልነበረም። ልጆቹ በትምህርት ቤት ግቢ አማርኛ ማውራት ያፍሩ በነበረበት ዘመን ነው የምልሽ።

ስለዚህ በ2020 አማርኛ ይዞ ሲመጣ አዲስ ሱስ አልነበረም።

ግን አንድ ነገር እሰጥሻለሁ። እስራኤላዊቷን ዘፋኝ አስቴር ራዳን ተመልከች። በውድድር አልመጣችም። ራሷ የፈለገችውን ይዛ መጣች። የሙሉቀን መለሰን «ናኑ ናኑ ነይ» አንሥታ በራሷ መንገድ ዘፈነችው፤ ማንም አላዘዛትም። ኤደን ግን የውድድር ልጅ ናት። በውድድር ያሸነፈ ሰው ዘፈን ይመረጥለታል እንጂ አይመርጥም። አማርኛው ጌጥ መሰለ ካልሽ ምክንያቱ ይሄ ነው። ቋንቋው የእሷ ነው፣ ምርጫው ግን የእሷ አልነበረም።

የጎንደሯ
ይሄኛው ገብቶኛል። ጌጥ ማለቴን ግን አላነሣም።

ትዝታ_ሜጀር
እንደፈለግሽ።

ነጋ_ጠባ
ማንም ያላነሣውን ልንገራችሁ። በ2021 እዚያው ሮተርዳም መድረክ ላይ ሌላ ሀበሻም ነበረች። ሰንሂት! ቦሎኛ የተወለደች፣ ወላጆቿ ኤርትራውያን፣ የወከለችው ሳን ማሪኖን። እሷም በ2020 ተመርጣ ውድድሩ የተሰረዘባት ናት። በ2021 አሜሪካዊውን ራፐር ፍሎ ራይዳን ይዛ መጣችና 22ኛ ወጣች። በአንድ ፍጻሜ ሁለት የሀበሻ ልጆች፣ አንዷ ለእስራኤል አንዷ ለሳን ማሪኖ። በዚያ ዓመት እኮ መድረኩ ጥቁር ሰው በዝቶበት ነበር። የስዊድኑ ቱሴ፣ የማልታዋ ዴስቲኒ፣ የሆላንዱ ጃንጉ። እኛ ግን ኤደን ብቻ ነው የተወራልን።

አራዳው_04
ፍሎ ራይዳ ይዞ 22ኛ?! እኔ የሰፈሬን ኪቦርድ ተጫዋች ይዤ ብሄድ ይሻለኛል

ስሙ_ይቅር
ይገርመኛል፣ ሁላችሁም «የእኛ» ትላላችሁ። ልጅቷ እስራኤላዊት ናት። እዚያ ተወልዳ፣ እዚያ ወታደር ሆና፣ የዚያን አገር ባንዲራ ይዛ ነው የሄደችው። ያንን ውድድር ስታሸንፍ እንኳ ገና ውትድርና ላይ ነበረች። ሜይ 2021 ደግሞ ጋዛ ላይ ቦምብ እየወረደ ነበር። እሷ የዘፈነችበት ግማሽ ፍጻሜ በጦርነቱ መሀል ነው፣ ፍጻሜው ተኩስ በቆመ ማግስት። የሕዝቡ ድምፅ ለምን አነሰ ብላችሁ ስትጠይቁ ይህንን መዝለል አይቻልም። [ቀሪው በአወያይ ተቆርጧል፦ ስድብ አንፈቅድም። ክርክሩ ይቀጥል።]

አሽዶድ_ማዶ
ስሙ ይቅር፣ ስለ ጦርነቱ ያልከው ቀኑም ትክክል ነው፣ ለሷም ከባድ ጊዜ ነበር። ሰው ለአገር ነው ወይስ ለዘፈን ነው ድምፅ የሚሰጠው የሚለው በዩሮቪዥን ያረጀ ጥያቄ ነው።

«የእኛ» ስለሚባለው ግን ልንገርህ። እዚህ ስንኖር ኢትዮጵያውያን እንባላለን። አዲስ አበባ ስንሄድ እስራኤላውያን እንባላለን። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ሰው «የእኛ ናት» ሲል አልከፋም። ለአንድ ምሽት እንኳ ሁለቱም ወገን አንዲትን ልጅ የእኔ ናት ብሎ ሲሻማ ማየት ደስ ይላል። ብዙ ጊዜ የምናየው ተቃራኒውን ነው።

ሽቦ
እኔ ስለ ዘፈን አላውቅም፣ ስለ ድምፅ አሰጣጡ ነው የማወራው። የክሩ ጥያቄ «ድምጿ ወይስ ታሪኳ» ከሆነ መልሱ ያለው አመራረጡ ላይ ነው።

«ሃኮኻቭ ሃባ» በ2013 ሲጀመር ነገሩ እንዲህ ነበር። ተወዳዳሪው ከትልቅ ስክሪን ጀርባ ሆኖ ይዘፍናል። ቤቱ ያለው ተመልካች በስልኩ መተግበሪያ፣ ዘፈኑ እየተዘፈነ፣ እሺ ወይም እንቢ ይላል። ዳኞቹም ሲጫኑ መቶኛው ይጨምራል። 70 ከመቶ ሲሞላ ግድግዳው ይነሣል። ማለትም ፍርዱ የሚሰጠው ድምፁ እየተሰማ ነው። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ሰዓታት ተቆጥረው፣ ልቅሶ ታይቶ፣ ዘመድ ተደውሎለት አይደለም። መምረጡ በነፃ ነው፣ ሰው ቸኩሎ ነው የሚወስነው። ታሪክ እዚህ ላይ አቅሙ ያንሳል ባይ ነኝ፣ ባይጠፋም። (አሜሪካኖቹ በ2014 ይህንኑ ገዝተው ሞክረው ነበር። ምሥራቁ ሲያይ ምዕራቡ ጋ ገና ሰዓቱ አልደረሰም። በቀጥታ ምረጡ ማለት እንዴት ይሆናል? ከአንድ ዙር አላለፈም።)

አሁን ከእኛ ጋር አነጻጽሩት። ፋና ላምሮትም በሉት ሌላው፣ ሕዝቡ የሚመርጠው በኤስኤምኤስ ነው። ኤስኤምኤስ ገንዘብ ነው። ካርድ የሚሞላ ወገን ያለው ሰው እና የሌለው ሰው እኩል አይደለም። ታሪክ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ብር አውጥቶ የሚልከው አንጀቱ ከተበላ ወይም ዘመዱ ከሆነ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ በአንድ ውድድር ላይ ቤተሰቡ ተበድሮ ካርድ ሲሞላለት ነበር። ልጁ አላለፈም፣ ብድሩ ግን አለ።

ጉራማይሌ
ሽቦ፣ ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ያልከው ለመጀመሪያው ማጣሪያ ነው። ፍጻሜ ላይ ሲደርስ ሰው ልጅቷን ለወራት አይቷታል። ድምፅ ሲሰጥ ያንን ሁሉ አይረሳም።

ሽቦ
አይረሳም። ግን እዚያ ያደረሳት ምን እንደሆነ አትርሳ።

ዋርካ_ሥር
ጥሩ ጥሩ ነገር አነሣችሁ። እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ልምጣ። ማሸነፉ ራሱ ምን ያህል ዋጋ አለው?

የ2003ቱን የመጀመሪያውን «ኮኻቭ ኖላድ» እዩ። ኒኔት ታየብ አንደኛ፣ ሺሪ ማይሞን ሁለተኛ። (ኒኔትም የኪርያት ጋት ልጅ ናት። ያቺ ትንሽ ከተማ ውኃዋ ምን አለበት?) ሺሪ ተሸንፋ በ2005 ዩሮቪዥን ላይ አራተኛ ወጣች። በ2004 ሁለት ሀሬሎች ተፋጠጡ፤ ሞያል አሸነፈ፣ ስካት ሁለተኛ ሆነ። በ2010 ዩሮቪዥን የሄደው ስካት ነው፣ 14ኛ ወጣ። እንግዲህ ሁለተኛ የወጣ ሰው ማንም ታሪክ ስለማይጽፍለት ነፃ ነው። ዘፈኑን ፈልጎ ይሄዳል። አንደኛ የወጣ ግን ያንን ያሸነፈበትን ምሽት ተሸክሞ ነው የሚዞረው።

ለኤደን የምመኝላት አንድ አልበም ነው። ራሷ የመረጠችው፣ አማርኛ ካለበት ስለፈለገች፣ ከሌለበትም ስላልፈለገች።

ቅኝት
ረጋ ያሉ ዘፈኖች ይብዙበት። ፉጨቱ ይቅር።

አራዳው_04
ፉጨቱማ አይቀርም፣ የሰፈራችን ውሻ ያደነቀው እሱን ብቻ ነው

ዲሲ_ማታ
ይልቅ ጥያቄ አለኝ። ማርች 3 ከቀረቡት አራቱ እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጡ ነበር? «ፍቅር ልቤ»፣ «ሩትስ»፣ «ራካታ»፣ «ሴቪየር ኢን ዘ ሳውንድ»። እኔ ከ«ፍቅር ልቤ» አልነቃነቅም።

የጎንደሯ
«ሩትስ»። አሁንም አልታረቅንም።

አሽዶድ_ማዶ
እናቴ «ፍቅር ልቤ» ብላለች። እሷ ካለች አለቀ፣ እኔም እንደዚያው።

ቅኝት
«ሴቪየር»። ብቸኛው ድምጿን የሚያስተነፍሳት እሱ ነበር። ነገ ለምን እንደሆነ በዝርዝር እጽፋለሁ፣ አሁን ተማሪ እየጠበቀኝ ነው።